ለፈረንጁ ዋስ ስለ መሆን በወፍጮ ቤት የተደረገ ስብሰባ

የካቲት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ።

ቃለ ጉባኤ ጽፌ አላውቅም። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ምስጋኑ ጾም ሳይገባ ወንድማቸውን ለመዳር ሙጃ ስለ ሄዱ፣ ጓድ ሊቀ መንበር «ያቺ የወፍጮ ተራ የምትጽፈው ልጅ ቃለ ጉባኤውን ትያዝልን» አሉ። እንቢ ማለት ስላቃተኝ እሺ አልሁ። የሚያቅተኝ እንቢ ማለት ብቻ አይደለም። በዚህ ስብሰባ ላይ መናገር የሚገባኝን አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ፤ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ስደርስ እጽፈዋለሁ። ጓድ ሊቀ መንበር «የተባለውን ሁሉ ጻፊ፤ አንዲት ቃል እንዳትጎድል» ብለው ስላዘዙኝ የተባለውን ሁሉ ጽፌአለሁ። ስሜ አመተ ሥላሴ ነው። ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።

የስብሰባው ቦታ፦ በላስታ አውራጃ፣ ከአሸተን ማርያም ግርጌ፣ የቆቅ ውኃ ገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ወፍጮ ቤት። ጽሕፈት ቤቱ ማዳበሪያ ስለ ተከማቸበት አባላቱ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

የተገኙ አባላት፦
1. ጓድ ደርበው፣ ሊቀ መንበር
2. መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ የሽማግሌዎች ተወካይ
3. አቶ ሰጠኝ፣ የንብረት ኃላፊ
4. ወይዘሮ ባንችይርጋ፣ የሴቶች ተወካይ
5. አቶ አለሜ፣ አባል (ዝቅ ብሎ ይታያል)

ያልተገኙ፦ አቶ ምስጋኑ ከላይ በተጻፈው ምክንያት፤ አቶ ተክለ ሚካኤል አቶ ምስጋኑን ለማጀብ።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ ከሰባት አባላት አምስት ካልተገኙ ስብሰባ አይጸናም። አቶ አለሜ ቤታቸው በግ እያረዱ መሆናቸው ተነገረ። ጓድ ሊቀ መንበር ወደ በሩ ወጥተው ሲያዩ የአቶ አለሜ ቤት ከማዶ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እሳቸውም ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። «ከታየ ተገኝቷል» ተብሎ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ጓድ ሊቀ መንበር በመፈክር ከፈቱ። መሪጌታ በዚያው ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ስለ ጀመሩ በልባቸው እንዲያደርሱት ተነገራቸው። በልባቸው አደረሱት፤ እስከ በሩ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ጓድ ሊቀ መንበር ከደሴ የመጣውን ደብዳቤ አነበቡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ወፍጮውንና የወፍጮውን ሠራተኛ ሚስተር ያኖሽን ከሃንጋሪ ያመጣው የርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል። ስለዚህ የሚስተር ያኖሽ የሥራ ፈቃድ የካቲት 30 ቀን ያበቃል። ማኅበሩ ቀጣሪ ሆኖ ሊያስቀራቸው ከፈለገ ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ይላክ። አንደኛ፣ ሥራው በማስታወቂያ ተነግሮ ሙያውን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ መጥፋቱን። ሁለተኛ፣ ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ ቀጣሪው ዋስ መሆኑን። ሦስተኛ፣ ከሥራቸው ሆኖ ሙያውን የሚማርና ወደ ፊት የሚተካቸው ኢትዮጵያዊ ስም። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ማመልከቻው አይታይም።

ደብዳቤውን የሚወስደው የእህል ካሚዮን ነገ ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከላሊበላ ይነሣል። የሚቀጥለው የሚመጣው ከየካቲት 30 በኋላ ነው። ሚስተር ያኖሽ ለዚሁ ጉዳይ ወልድያ ስለ ሄዱ ወፍጮው ከሐሙስ ጀምሮ ቆሟል። ደጅ ላይ የሠላሳ አንድ ሰው እህል ተደርድሯል፤ አብዛኛው የጾም ሽሮ ነው። የቁጥሩን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ አውቀዋለሁ። አሥራ ዘጠነኛዋ እናቴ ናት። እናቴ ወፍጮው ሲቆም በድንጋይ ትፈጫለች፤ ትከሻዋን ያማታል።

ተራ ቁጥር 1፦ ሙያውን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አለመገኘቱን ስለ ማረጋገጥ

ማስታወቂያው ቅዳሜ ገበያ ላይ በጩኸት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በመሪጌታ መነገሩ ተገለጸ። ማንም አይመጣም ተብሎ ነበር፤ አሥራ ሰባት ሰው መጣ። ጓድ ሊቀ መንበር «የኔታ፣ ደመወዝ እንዳለው ለምን ተናገሩ?» ብለው ጠየቁ። መሪጌታም «ቤተ መቅደስ ደጅ ቆሜ ያለውን የለም ልበል እንዴ?» ሲሉ መለሱ።

አመልካቾቹ አለማወቃቸው እንዲረጋገጥ አንድ በአንድ ሞተሩን እንዲያስነሡ ተደረገ።

በመጀመሪያ አቶ አረጋ ቀረቡ። እስከ አሰብ ድረስ በካሚዮን ደርሰው እንደ ተመለሱ አስረዱ። ወይዘሮ ባንችይርጋ «እየነዳህ ነው ወይስ ተጭነህ?» ብለው ጠየቁ። «ከጨው ጆንያው ላይ ሆኜ» አሉ አቶ አረጋ፤ «ግን ዐይኔ ከሾፌሩ እጅ አልተነቀለም።» ከዚያ ሞተሩ እንዲገፋ አዘዙ። በሲሚንቶ የታሰረ መሆኑ ሲነገራቸው «እንግዲያማ ጥፋቱ የሲሚንቶው ነው» ብለው ወረዱ።

ሁለተኛ የጓድ ሊቀ መንበር የሚስት ወንድም አቶ ከፋለ ቀረቡ። የራሳቸውን ቁልፍ ይዘው ነው የመጡት፤ ዝጓል። ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩና «ተኝቷል» ሲሉ አስታወቁ። ከዚያ በቁልፉ ሁለት ጊዜ መቱት። ጓድ ሊቀ መንበር «ከፋለ እጁ ወርቅ ነው» አሉ። ወይዘሮ ባንችይርጋ «ወርቅ ስለሆነ ነዋ ሥራ የማይነካው» አሉ። ይህ ንግግር እንዲሰረዝ ታዘዘ። የተባለውን ሁሉ ጻፊ ስለተባልሁ መሰረዙ እንደ ታዘዘም ጽፌአለሁ።

የቀሩት አሥራ አምስት ሁለቱን አይተው ስለ ነበር «እኛም እንደዚያው ነው» አሉ።

ማንም ሞተሩን ስላላስነሣ አሥራ ሰባቱም «ሙያውን አላውቅም» በሚለው ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ተጠየቁ። አንድም ሰው አልፈረመም። አቶ አረጋ «አባቴ አላውቅም ብሎ ሳይፈርም ነው የሞተው» አሉ። አቶ ከፋለ ደግሞ «አማቶቼ ሊሰሙ ነው፤ ከምፈርም ጣቴ ይቆረጥ» አሉ። ጓድ ሊቀ መንበር ጣት አይቆረጥም፤ ቀለም ብቻ ነው የሚቀባው ብለው ቢያስረዱም ተቀባይነት አላገኙም።

በዚህ ጊዜ ሸማኔው አቶ ሸዕባን ከበሩ ሆነው ቃል ጠየቁ። አቶ ሸዕባን የማኅበሩ አባልም አመልካችም አይደሉም፤ አራት ቁና ማሽላ ይዘው ከሐሙስ ጀምሮ የሚጠብቁ ናቸው። «እኔ አላውቅም» አሉ፤ «ወረቀቱን አምጡና ልፈርም። ማሽላዬ ብቻ ይፈጭልኝ።» አቶ ሰጠኝ ያላመለከተ ሰው አለማወቁ እንደማይቆጠር አስረዱ። አቶ ሸዕባንም ለማያውቁት ነገር ማመልከት ነውር ስለ መሰላቸው እንጂ ይችሉ እንደ ነበር ተናገሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ «አሥራ ሰባቱም አመልካቾች ሙያውን ያውቃሉ፤ ሞተሩ ግን አላወቃቸውም።» በዚህ አሥራ ሰባቱም ደስ እያላቸው ፈረሙ።

ተራ ቁጥር 2፦ ለሚስተር ያኖሽ ዋስ ስለ መሆን

አቶ ሰጠኝ ዋስ ማለት ሰውዬው ሲጠፋ በእሱ ፈንታ የሚያዝ ሰው መሆኑን አስታወሱ። «ፈረንጁ ቢጠፋ የት ብዬ ልፈልገው?» አሉ። «አገሩ ድረስ ሂድ ብባል እንኳ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው።» ጓድ ሊቀ መንበር ሃንጋሪ ወዳጅ አገር ስለሆነች ሰው አታስጠፋም አሉ። መሪጌታ የአባቱንና የአያቱን ስም ሳያውቁ ለሰው ዋስ መሆን በአገራችን እንደማይታወቅ ተናገሩ።

ወይዘሮ ባንችይርጋ እንዲህ አሉ፦ «ሰው ዋስ የሚሆነው አብሮት ለቀበረ ሰው ነው። ቅሬ፣ እቀብር ማኅበራችን፣ እናስገባው። ሬሳ የተሸከመ ሰው ሌሊት አይጠፋም።» ሐሳቡ ተወደደ። አቶ ሰጠኝ ግን ተቃወሙ፦ «እናቴ ስትቀበር አላለቀሰም።»

«የቃሬዛዋ እግር ሲሰበር ታዲያ ማን ጠገነው?» አሉ ወይዘሮ ባንችይርጋ።

«መጠገኑንስ ጠግኗል። ግን እያፏጨ።»

ጉዳዩ ክርክር አስነሣ። መሪጌታ በፈረንጅ አገር ፉጨት ምን ማለት እንደሆነ እንደማይታወቅ፣ ምናልባትም ልቅሶ ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። አቶ ሰጠኝ በዚህ በጥቂቱ ተጽናኑ።

ቀጥሎ ወደ አገራቸው መመለሻ ታየ። ለአውሮፕላን ዋስ የሚሆን ስላልተገኘ ማኅበሩ በበቅሎ ያድርሳቸው ተባለ። የማን በቅሎ የሚለው ሲነሣ አባላቱ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ጓድ ሊቀ መንበር በሩ ላይ ወጥተው «አቶ አለሜ! በቅሎህን!» ብለው ወደ ማዶ ተጣሩ። አቶ አለሜ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። እጃቸው ላይ ቢላ ነበር። መስማማታቸው ተመዘገበ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ተወሰነ፦ ሚስተር ያኖሽ ቅሬ ይግቡ፤ ስለ ፉጨቱ በመሪጌታ ይመከሩ፤ በሚመለሱ ጊዜ በአቶ አለሜ በቅሎ እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ሜዳ ይሸኙ። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰማይ ጉዳይ ስለሆነ ማኅበሩን አይመለከትም።

ተራ ቁጥር 3፦ ሙያውን የሚማር ተተኪ ስለ መምረጥ

ጓድ ሊቀ መንበር ይህ ቀላሉ ነው ብለው አቶ ከፋለን ጠሩ። አቶ ከፋለ «የማውቀውን አልማርም» አሉ። የሚማሩት የቀራቸውን እንደሆነ ቢነገራቸው «አሁን ፈርሜ የለም እንዴ? ያውቃሉ ተብሎ!» ብለው ወረቀቱን አሳዩ። አቶ አረጋም የቀሩትም ያንኑ ወረቀት አሳዩ። ስለዚህ ከአሥራ ሰባቱ ሊማር የሚችል ጠፋ።

ወይዘሮ ባንችይርጋ ተነሡ። «ምን ሩቅ ያስኬዳችኋል?» አሉ። «ይቺ የምትጽፈው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ እሞተሩ ጎን ተቀምጣ ቁጥር ትሰጣለች። ፈረንጁ እጁን ሲዘረጋ ቁልፉን የምታቀብለው እሷ ናት። አፉን ሳይከፍት የትኛውን እንደሚፈልግ ታውቃለች። እሷን ጻፉ።»

አባላቱ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። ጸሐፊዋ ስለ ራሷ የተባለውን መጻፍ ይገባት እንደሆነ ስላላወቀች መጻፏን ቀጠለች።

አቶ ሰጠኝ ናፍጣ የነካው እጅ ሊጥ እንደማያነሣ፣ ልጅቱ ነገ ተነገ ወዲያ እንደምትዳር፣ ከዳሯት በኋላ ወፍጮው ከእሷ ጋር ማጫ ሆኖ ይሂድ እንደሆነ ጠየቁ። ወይዘሮ ባንችይርጋ «አንተ ሊጥ ስታነሣ ማን አይቶህ ነው ስለ ሊጥ የምታወራው?» አሉ። መሪጌታ ሁለቱን ዝም አሰኝተው በቀስታ «ራሷ ትናገር። ልጄ፣ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ ነው። ስለማውቀው ልጻፈው። ሞተሩ ያልተነሣው ተኝቶ አይደለም። ሐሙስ ዕለት አቶ ሰጠኝ ለኩራዛቸው ናፍጣውን ጨርሰው ቀድተው፣ በማግሥቱ መልሰው ሞሉት። ናፍጣ አልቆ ሲሞላ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አየር ይቀራል። አየሩ ካልወጣ ቢመቱትም ቢገፉትም አይነሣም። ሚስተር ያኖሽ ሁለት ጊዜ ሲያስወጡት አይቼ በተራ ደብተሬ ጀርባ ጽፌዋለሁ፦ «በቁጥር 13 ትንሿን ብሎን ማላላት፤ አረፋው እስኪያልቅ ማስወጣት፤ ማጥበቅ።» አንድ «አዎ» ብል ተተኪ ተገኘ ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ሚስተር ያኖሽም ይቀሩ ነበር። አሥራ ሰባቱ ሰዎች ያዩኝ ነበር። ወደ ወረቀቱ አቀረቀርሁ።

ጸሐፊዋ መልስ አልሰጠችም። ጓድ ሊቀ መንበር «ዝም ማለት አላውቅም ማለት ነው፤ ጻፊ» አሉ። ጸሐፊዋ አታውቅም ተብሎ ተመዘገበ። የመዘገብሁት እኔ ነኝ።

ከአጭር ውይይት በኋላ ተወሰነ፦ «ሁሉም ስለሚያውቁ የሚማር አልተገኘም፤ አንዲት ልጅም ተጠየቀች፤ አታውቅም።» መሪጌታ ይህ ከደብዳቤው ሦስተኛ ቃል ጋር ይጣላል፤ ማመልከቻው አይታይም ብለው አሳሰቡ። ጓድ ሊቀ መንበር «የኔታ፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል» አሉ። መሪጌታም ጾሙ የማይጠብቅ መሆኑን አምነው፣ ለቅበላ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ዕረፍት ተሰጠ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን እንድትጠብቅ ታዘዘች።

በዕረፍት ጊዜ ስለሆነው

የዕረፍት ጊዜ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ አይጻፍ አላውቅም። አጭር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

አባላቱም አመልካቾቹም ሄዱ። አቶ ሸዕባን ቅበላው ስለማይመለከታቸው ማሽላቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። እናቴ በበሩ አልፋ ጆንያዋን ነካ አደረገችና «ድንጋዩን አጥቤዋለሁ፤ ማታ ጀምሬ እፈጨዋለሁ» ብላኝ ሄደች። ትከሻዋን ይዛ ነበር።

ቁጥር 13 ቁልፍ ሚስተር ያኖሽ የሚያስቀምጡበት ቦታ፣ ከቅባቱ ቆርቆሮ ሥር አለ። አወጣሁት። ብሎኗን አላላሁ። በአውራ ጣቴ ትንሿን መግፊያ ደጋግሜ ስጫን መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ፣ በመጨረሻ ጥሩ ናፍጣ ወጣ። አጠበቅሁት። ሞተሩን የሚያዞረው ማኖቬላ ግን ከባድ ነው፤ ብቻዬን አልችለውም። አቶ ሸዕባንን አዙሩልኝ ለማለት ድምፅ ስላጣሁ በእጄ አሳየኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው መወርወሪያ ነው» አሉ፤ ግን ተነሡ። በዚያው ወይዘሮ ባንችይርጋ ለእኔ ጥብስ በእንጀራ ጠቅልለው ይዘው ደረሱ። አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ጥቅሉን አስቀምጠው ነጠላቸውን አደገደጉ። ሁለቱ ማኖቬላውን ሲያዞሩ እኔ ከላይ ያለችውን፣ ዙሩን የምታቀልለውን ትንሽ የብረት ምላስ ከፍ አድርጌ ያዝሁ። ሚስተር ያኖሽ በልባቸው የሚቆጥሩትን ቆጠርሁ፤ እስከ ስምንት ነው። ስምንት ላይ ለቀቅሁት።

ተነሣ።

የአቶ ሸዕባን ማሽላ ተፈጨ፤ አንደኛው ተራ የእሳቸው ነው። ቀጥሎ በተራ ቁጥሩ እስከ ስድስት ተፈጨ። ተራ አልጣስሁም፤ እናቴ አሥራ ዘጠነኛ ናት። አቶ ሸዕባን ዱቄቱን በመዳፋቸው ዳስሰው «አልሐምዱሊላህ፤ እንዲህ ነው እንጂ ማወቅ፣ አፍ የሌለው» አሉ።

ተራ ቁጥር 4፦ ድንገተኛ ጉዳይ፤ ሞተሩን ማን እንዳስነሣ

አባላቱ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ከየቤታቸው እየሮጡ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። አቶ ሰጠኝ እጃቸው ላይ አጥንት ነበር። ምልዓተ ጉባኤው ሲጣራ አቶ አለሜ ደጃፋቸው ላይ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመው ስለ ታዩ ተሟላ።

ጓድ ሊቀ መንበር ብዙ ተናገሩ፤ ሞተሩ ስለ ጮኸ አልተሰማም። ስለዚህ ሞተሩ መነሣቱን ለመወያየት ሞተሩ እንዲቆም ተወሰነ። አቶ ከፋለ እንዲያቆሙት ተነገራቸው። ቀርበው አዩት፤ «ይሥራ እንጂ፣ ምን አደረጋችሁ?» አሉ። አቶ አረጋ ሲሚንቶውን አዩ። ማንም የሚያቆመው ስለ ጠፋ ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ ተነሥታ አቆመችው፤ ተመልሳም ተቀመጠች። ይህ ሲሆን ሁሉም ያዩ ነበር።

ከዚያ ሞተሩን ማን አስነሣው የሚለው ለውይይት ቀረበ።

አቶ ከፋለ ጠዋት ሁለት ጊዜ የመቱት አሁን እንደ ሠራ፣ የብረት ነገር ቀስ ብሎ እንደሚገባው አስረዱ። አቶ አረጋ ሲሚንቶውን መውቀሳቸውን አስታወሱ። ወይዘሮ ባንችይርጋ «ኧረ በማርያም! እሷ ናት ያስነሣችው፤ ማኖቬላውን ያዞርሁት እኔ ነኝ፣ ይኸው እጄ!» ብለው የተላጠ መዳፋቸውን አሳዩ። አቶ ሸዕባን «ወላሂ እሷ ናት» አሉ። አቶ ሸዕባን አባል ስላልሆኑ ቃላቸው እንዳይያዝ ተደረገ። መዳፋቸውም ተልጦ ነበር፤ እሱም አልተያዘም።

ጓድ ሊቀ መንበር እንዲህ አሉ፦ «በተራ ቁጥር ሦስት ይቺ ልጅ አታውቅም ተብሎ ተወስኗል። በውሳኔ የማታውቅ ልጅ እንዴት ብላ ታስነሣለች? የማኅበሩ ውሳኔ ጨዋታ ነው እንዴ?»

ድምፅ ተሰጠ። «ሞተሩ በራሱ ፈቃድ ተነሣ» የሚለው ሐሳብ በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ደጋፊዎቹ ጓድ ሊቀ መንበርና አቶ ሰጠኝ ናቸው። ተቃዋሚዋ ወይዘሮ ባንችይርጋ ናቸው። መሪጌታ እኔን እያዩ ስለ ነበር ድምፅ አልሰጡም። አቶ አለሜ ቤታቸው ስለ ገቡ ድምፀ ተዐቅቦ ተብሏል።

ውሳኔው ከጸደቀ በኋላ አቶ ሰጠኝ አጥንታቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «ቆዩ እስኪ። ሞተሩ በራሱ ከተነሣ ፈረንጁ ለምን ያስፈልጋል? አንድ ሰው አስነሣው ካልን ደግሞ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተገኘ ማለት ነው፤ ፈረንጁ አይፈቀድም። ማንም አያውቅም ብለን ከላክን ነገ ከደሴ መጥተው ወፍጮው ሲሠራ ያገኙታል። ለፈረንጁስ ዋስ አገኘን፤ ለቃለ ጉባኤው ማን ዋስ ይሁን?»

አባላቱ ደነገጡ። ጓድ ሊቀ መንበር ማኅተሙን ከጠረጴዛው አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። መሪጌታ «ሦስተኛው ቃል ለዚሁ ነው የተጻፈው። የሚያውቅ ብቻ አይደለም የጠየቁት፤ እየተማረ ያለ ሰውም ጠይቀዋል። ብልሆች ናቸው» ብለው ቢያስረዱም የሚሰማ አልነበረም።

ተራ ቁጥር 5፦ የመጨረሻ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ በአንድ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ።

ዛሬ በተራ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እና 4 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። አሥራ ሰባቱ አመልካቾች ያውቃሉ የሚለው ይሻር። ሚስተር ያኖሽ ቅሬ አልገቡም፤ ፉጨታቸውም አልተነሣም። የአቶ አለሜ በቅሎ ነጻ ናት። ሞተሩ አልተነሣም፤ አልተኛምም። ምንም ወረቀት ወደ ደሴ አይላክ። ጉዳዩ ከፋሲካ በኋላ ይታይ።

መሪጌታ «ያን ጊዜ ያኖሽ የት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

ስብሰባው ከቀኑ 11 ሰዓት ከ10 ላይ አበቃ። አባላቱ የተረፈውን ሥጋ ለመጨረስ ተበተኑ። ደጅ ላይ ሃያ አምስት ጆንያ ስለ ቀረ ጓድ ሊቀ መንበር ሲወጡ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ያው በራሱ ይነሣ እንደሆነ አስነሡት» አሉ። በራሱ ተነሣ። እስከ ሃያ ሁለት ተፈጭቷል። የእናቴም ተፈጭቷል።

ይህን የምጽፈው ሞተሩ እየጮኸ፣ አቶ ሸዕባን የሌላውን ሰው ጆንያ እያቀረቡልኝ ነው። ቃለ ጉባኤውን ከላይ ጀምሮ አነበብሁት። በተራ ቁጥር ሦስት የተወሰነው ተሽሯል። ከተሻረው ውስጥ «ጸሐፊዋ አታውቅም» የሚለውም አለ። ጓድ ሊቀ መንበር የማኅበሩ ውሳኔ ጨዋታ አይደለም ብለዋል፤ ስለዚህ ከዛሬ 11 ሰዓት ከ10 ጀምሮ አላውቅም ተብዬ የተጻፈብኝ የለም።

ነገ ካሚዮኑ ሳይነሣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በመጀመሪያ መሪጌታ ዘንድ፣ ከዚያ ከእሳቸው ጋር ማኅተሙ ያለበት ጓድ ደርበው ደጅ እሄዳለሁ። ቁጥር 13 ቁልፍንና የተራ ደብተሬን ይዤ ነው የምሄደው፤ እጄ ባዶ ሲሆን ድምፄ ይጠፋል። «ከሚስተር ያኖሽ ሥር ሆኜ የምማረው እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፉና ማኅተም አድርጉልኝ» እላለሁ። አሁን ሞተሩ እየጮኸ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ተለማምጄዋለሁ፤ ማንም አልሰማኝም። ነገ ሞተሩ ጠፍቶ እለዋለሁ።

አመተ ሥላሴ፣ ለዛሬ ጸሐፊ